በአንቱታ የተገለጠ ካርታ

አዲስ ካርታ የራሱ ሽታ አለው። የሙጫም አይደለም፣ የቀለምም አይደለም፤ ገና የሰው ላብ ያልጠጣ ወረቀት ሽታ ነው። ባለፈው እሁድ ያ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቤቴ ውስጥ፣ እግሬን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ ተቀምጬ ነበር። ሽታውን ይዛብኝ የመጣችው አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ሜሮን ናት። ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የመድኃኒት ካርቶን ስትቆጣጠር ትውላለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ደረጃ ላይ ካገኘችኝ የያዝኩትን ፌስታል ሳትቀበለኝ አታልፍም።

«አባባ፣ ትንሽ ላስቸግርዎት? እናቴ እንዳትሰማ ብቻ።»

«እናትሽ የማትሰማው ነገር ከሆነማ ግቢና በሩን ዝጊው» አልኳት።

ከቦርሳዋ አንድ የሚያብለጨልጭ ካርቶን አወጣች። ታሮት ይባላል አለችኝ። ሰባ ስምንት ካርታ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ሥዕል አለበት፤ ፀሐይ፣ የሚፈርስ ግንብ፣ በአንድ እግሩ የተሰቀለ ጎረምሳ።

«ሰባ ስምንት!» አልኩ። «እኔ በሃምሳ ሁለት፣ ያውም አንዱ ከሲጋራ ካርቶን በተቆረጠ፣ አቃቂን ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ።»

«እሱን ሰምቼ አይደል የመጣሁት! ጠዋት ሰርቪስ ላይ ልጆቹ ግለጪልን ይሉኛል። ስዘረጋው እጄ ይንቀጠቀጣል። ስልኬን ከፍቼ ትርጉሙን አያለሁ፣ ከዚያ ‹ምናልባት… መሰለኝ…› እላለሁ። ‹ዛሬ ደግሞ ኔትወርክ የለም እንዴ?› እያሉ ይስቁብኛል። እርስዎ ድፍረቱን ከየት አመጡት?»

«ሁለት ጊዜ ነው ያገኘሁት» አልኳት። «የመጀመሪያው የውሸት ነበር።»

ያኔ አቃቂ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። ሰው «አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ብሎ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነበር የሚሄደው። እኔ ባቡር ጣቢያው የጭነት ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከጭነት ላይ ነው። ድሬዳዋ የሚለውን ከሽንኩርት ጆንያ፣ ናዝሬት የሚለውን ከብርቱካን ሣጥን ተማርኩ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከጣቢያው ጸሐፊ በላይ አነብ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥራ አምስት፤ አንድ ስሙኒ የያዘ ሰው ቁርሱን በልቶ ጥርሱን እየፋቀ ይወጣል። ቅዳሜ ከሰዓት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ልጆች ደመወዝ የተቀበሉ እንደሆነ፣ ያንን ከታች ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግ ቴትሮን ሱሪያቸውን ለብሰው ከጣቢያው ማዶ ካለው ቡና ቤት በር ላይ ይኮለኮላሉ። የቡና ቤቱ ሸክላ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ «ነይ» የምትለውን ቃል አራቴ አምስቴ ይደጋግማታል፤ አስተናጋጇ መጥታ በጣቷ ካልገፋችለት አይላቀቅም። ያንን ዘፈን ዛሬ ታክሲ ውስጥ ስሰማው፣ አንዴ ብቻ «ነይ» ብሎ ሲያልፍ የሆነ ነገር የሰረቁኝ ይመስለኛል። የጣቢያው ሐዲድ ላይ ዛሬ ሣር በቅሏል። ሚዛኔ የነበረበት ቦታ ባጃጆች ተሰልፈው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላሉ።

ካርታውን ያገኘሁት የመንገደኛ ማረፊያው አግዳሚ ወንበር ሥር ወድቆ ነው። ባቡሩ ሲዘገይ ሲጫወቱበት የነበሩ ሰዎች ረስተውት ሄዱ። ቆጠርኩት፤ ሃምሳ አንድ። የጎደለውን የአበባ ሰባት ከሲጋራ ካርቶን ቆርጬ በእርሳስ ሣልኩት። ከዋናው አይለይም ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ትርጉሙን ያስተማረኝ ማንም የለም። ጦሩን መከራ አልኩት፤ ልቡን ፍቅር፤ አበባውን እንጀራ፤ ዳይመንዱን ከሩቅ የሚመጣ ነገር። የጦር አሥር ደግሞ መንገድ ነው፤ አሥሩን ጦር ደርድራችሁ ብታዩት ሐዲድ ይመስላል። ከዓመታት በኋላ ከተማ ውስጥ ታዋቂ ናት የተባለች ካርታ ገላጭ ዘንድ ሄጄ ብሰማት፣ እኔ ከራሴ ያወጣሁትን ነው ለሰው የምትናገረው። ምን ያህል አእምሮ እንደነበረኝ ከዚህ ይገመት።

ችግሩ ሌላ ነበር። በእኛ አገር ደንብ ካርታ የሚያስገልጥ ሰው ጥያቄውን አይናገርም። «በልብዎ ይያዙት» ይባላል፤ ካርታውን ሦስት ቦታ ይቆርጣል፤ ከዚያ ገላጩ ነው የሚናገረው። ቋንቋችን ደግሞ ለጀማሪ አይራራም። «ይመጣል» ካልክ ወንድ ሆነ፤ «ትመጣለች» ካልክ ሴት ሆነች። መሐል ላይ መቆሚያ ቦታ የለም። አንድ ቀን አቶ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ መጡ። ዛሬ እኔ የምኖርበት ሕንፃ የቆመበት ቱሉ ዲምቱ ያኔ የእሳቸውና የጎረቤቶቻቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ካርታውን ቆረጡ፤ ዘረጋሁ፤ ላብ በላብ ሆኜ፣ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ከብበውኝ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ይመጣል። ጎረምሳ ነው። ልቡ ከእርስዎ ጋር ነው።»

አቶ ቶሎሳ አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ የጠፋችብኝ እኮ ላም ናት» አሉ።

የዚያን ቀን የሳቁት ተሸካሚዎች ገሚሶቹ ሞተዋል፤ ሳቃቸው ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ለሁለት ወር ስሜ ደምሴ መሆኑ ቀርቶ «ጎረምሳዋ ላም» ሆነ። ሚዛን ላይ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሁሉ «እምቧ» ሳይል አይሄድም። ካርታውን ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። እኔ ግን አስቤ አስቤ መላውን አገኘሁ፤ አንቱታ! «እኚህ ሰው ይመጣሉ፤ እኚህ ሰው ያስባሉ፤ እኚህ ሰው ይጽፋሉ።» አንቱታ ወንድም ሴትም አይለይም። ባልም ይሁን፣ እናትም ትሁን፣ አለቃም ይሁን፣ ሁሉንም ያለብሳል። ላምም ብትሆን አክብሬያታለሁ እንጂ አልተሳሳትኩም! ሰዉ ወደደው። «የደምሴ ካርታ ሰው ያከብራል» ተባለ። እጄ መንቀጥቀጡን ተወ፤ ድምፄ ወፈረ። ካርታውን በዝግታ መበወዝ፣ ሰው ፊት ላይ እንጂ ካርታው ላይ አለማፍጠጥ፣ ከመናገር በፊት አንድ ትንፋሽ ዝም ማለት፤ ይህን ሁሉ ራሴው ደረስኩበት። የነፍስ አባቴ ሰምተው ስግደት ቢሰጡኝም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጣቢያው አጠገብ ካለችው ግራር ሥር የሚሰለፈው ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ጉባኤ ነበር።

ሜሮን ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «ኧረ አባባ! ይሄንን ነገ ሰርቪስ ላይ እጠቀምበታለሁ።»

«ቆይ» አልኳት። «ገና እትዬ ዘነበች አልመጣችም።»

ዘነበች የፋብሪካው ፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የፈትል ክፍል ሴቶች ከሩቅ ይታወቃሉ፤ የጥጥ ብናኙ ቅንድባቸው ላይ ተኝቶ ሁሉም ያለ ዕድሜያቸው የሸበቱ ይመስላሉ። በዚያ ላይ ያሳላታል። አንድ ቅዳሜ ተራዋ ደርሶ ተቀመጠች፤ ነጭ ሻሽ፣ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት፣ የኮንጎ ጫማ። ጥያቄዋን በልቧ ይዛ ቆረጠች። የልብ ንጉሥ ወጣ፤ አጠገቡ የጦር አሥር። እንዲህ ያለ ካርታ ለገላጭ ሠርግና ምላሽ ነው።

«ይመጣሉ» አልኳት።

«ይመጣሉ?» አለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ይመጣሉ! ቤትዎን አይስቱትም።» ድፍረቱ ሞቅ አድርጎኝ ነበርና፣ ካርታው ላይ የሌለውን ጨመርኩበት። «እርስዎ ብቻ ከቤትዎ አይራቁ።»

እጄን ይዛ ሳመችው። በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት እጄን ስትስመው ተሸካሚዎቹ ፊት ደረቴ አንድ ክንድ ተነፋ።

ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ዘንድ መጣች። ለካ ዓርብ ዕለት የመዘንኩት ጭነት የሷ ነው፤ አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ በማዳበሪያ የተቋጠረ ልብስ። ናዝሬት ያለችው እህቷ «እዚያ ጥጥ ውስጥ ሳንባሽ ከሚያልቅ ነይና አብረን እንኑር» ብላት ልትሄድ ነበር።

«ጭነቴን መልስልኝ፤ ቀርቻለሁ» አለችኝ።

«ለምን ቀሩ እትዬ ዘነበች?»

«አንተው አይደለህ እንዴ ያልከኝ! ኃይሉና ግርማ፣ ሁለቱም ልጆቼ፣ ወደ ሰሜን ከዘመቱ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ይመጣሉ አልከኝ። ከቤትሽ አትራቂ አልከኝ። ናዝሬት ሄጄ በሩ ተዘግቶ ቢያገኙትስ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ «ይመጣሉ» ያልኩት አንድ ማንነታቸውን የማላውቃቸውን ሰው አክብሬ ነው። እሷ የሰማችው ሁለት ልጆች ነው። አንዲት ቃል፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ለብዙ ሰውም የምትሆን፤ እኔ ከሥሯ ተደብቄባት፣ እሷ ከላይዋ ቤት ሠርታባት። ያኔውኑ «እትዬ፣ ተሳስተዋል» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ተሸካሚዎቹ ቆመው ያዳምጣሉ። ያችን ላም አስታወስኩ። አልጋውን አውርጄ ሰጠኋት።

ፈትል ክፍል ቀረች። ሐዲዱ ዳር ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ አንድ አልጋ ጨምራ፣ ሁለት አልጋ አንጥፋ ትጠብቅ ጀመር። ሳሉ በየዓመቱ ይብስባታል። በሚዛኑ በኩል ስታልፍ፣ «ይመጣሉ፣ አይደል?» ትለኛለች። «ይመጣሉ፣ እትዬ ዘነበች» እላታለሁ። ስሙኒዋ ለሻይና ለዳቦ ማነስ ጀመረች፤ ሱሪው ከታች ጠበበ፤ ቡና ቤቱም ሸክላውን በቴፕ ለወጠ። እሷ ግን እያለፈች ትጠይቀኛለች፤ እኔም እመልስላታለሁ።

ጦርነቱ ያበቃ ጊዜ፣ ወታደሩ በእግሩም በመኪናም እየተመለሰ በነበረበት ሰሞን፣ ግርማ መጣ። ታናሽየው ነው። አንድ እግሩን ይጎትታል። መምጣቱን እንኳ ያወቅኩት ሚዛኑ ፊት መጥቶ ሲቆም ነው።

«ካርታ ገላጩ ደምሴ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«የዘነበች ልጅ ነኝ። ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። እናቴ እስካሁን እንኳን ደህና መጣህ አላለችኝም።»

«እንዴት?»

«‹ሁለታችሁም ስትሞሉ ነው እልል የምለው› ትለኛለች። ታበላኛለች፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። ወንድሜን በእነዚህ እጆቼ ነው የቀበርኩት። ነገርኳት። ‹ካርታው ይመጣሉ ብሏል፤ አንተ ቁስልህ አሞህ ነው› አለችኝ። የዕድር ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሯት ቢመጡ በር ላይ መለሰቻቸው። ኃይሉ ልቅሶ እንኳ አላገኘም።» ሚዛኑን ተደገፈ። «ጠብ ፈልጌ አይደለም የመጣሁት፣ ወንድሜ። ያቺን ቃል አንሣልኝ።»

መርዶ በእኛ ዘንድ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። በነጋታው ከሦስት የዕድር ሽማግሌዎችና ከግርማ ጋር ሐዲዱን ተከትለን ሄድን። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ካርታውም እኔም ሳንዋረድ የምንወጣበት ብልሃት ነበር። ዘነበች በሩን ከፍታ ሽማግሌዎቹን ስታይ ደሟ ፈላ።

«ነግሬያችሁ የለም እንዴ? ይመጣሉ ተብያለሁ!» ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይኸው ራሱ መጣ! ንገራቸው እስቲ!»

ገባን። ሁለቱም አልጋ ተነጥፏል፤ የፋብሪካው አቡጀዲ አንሶላ፣ እጥፋቱ እንኳ ያልተነካ። ግርማ ከመጣ ጀምሮ ወለል ላይ ይተኛ እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት።

«እትዬ ዘነበች» አልኩ፤ «ያኔ ‹ይመጣሉ› ያልኩት ሁለት ሰው አይደለም። አንድ ሰው ነው። በአንቱታ ነው የተናገርኩት።»

«አንድ?»

«አንድ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በእፎይታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብልሃቴ ሠርቶ ነበር። ካርታው አንድ ይመጣል ብሏል፤ አንድ መጥቷል። ዝናዬ ከቀድሞውም ይበልጥ ነበር። ዘነበች ግን ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ሳትነቅል፣

«የትኛውን ነው ያየኸው?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ግርማን ብላት፣ ኃይሉ እንደማይመጣ እያወቅኩ ባለፈች ቁጥር «ይመጣሉ» ስላት ኖሬያለሁ ማለት ነው። ግርማ አጠገቤ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታ ሳልዘረጋ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«የትኛውንም አላየሁም» አልኩ። «እናት መሆንዎንም አላወቅኩም። የሚጠብቁት ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ሁለት፣ አላወቅኩም። ስለማላውቅ ነው ያከበርኩት። ‹ከቤትዎ አይራቁ› ያልኩትም ካርታው ላይ አልነበረም፤ ከራሴ ነው።»

እዚህ ላይ ሜሮን እግሯን ሶፋው ላይ ሰብስባ ታዳምጠኝ ነበር። ውኃዬ ቀዝቅዟል።

«እና ከዚያ በኋላ ማን አመነዎት?»

«በመጀመሪያ ማንም» አልኳት። «ግራሯ ሥር ሁለት ቅዳሜ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው አንድ ሰው መጣ፤ ያየሁትን ነገርኩት፤ የቀረውን ‹አላውቅም› አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ፤ በሳምንቱ ሚስቱን ይዞ ተመለሰ። ከእኔ በፊት አቃቂ ውስጥ ‹አላውቅም› ያለ ካርታ ገላጭ አልነበረም፤ ከእኔም ወዲህ አላየሁም። እጄ ዳግመኛ አልተንቀጠቀጠም። አንቺም ‹ምናልባት› እና ‹መሰለኝ› ስትይ የሚስቁብሽ፣ ያላየሽውን ልታስመስዪ ስለምትሞክሪ ነው። የማታውቂውን አላውቅም በያቸው፤ ያኔ የምታውቂውን ጮክ ብለሽ ትናገሪያለሽ።»

«እሷስ? እትዬ ዘነበች ምን አለችዎት?»

ያን ጠዋት መጀመሪያ ላይ ቆማ ቀረች። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ግርማ መለሰች። ሦስት ሳምንት ቤቷ የከረመውን ልጇን፣ ከመንገድ አሁን ገና እንደገባ አድርጋ፣ ከራሱ እስከ እግሩ አየችው።

«መጣህ እንዴ፣ ልጄ?»

«መጣሁ፣ እማዬ።»

«ብቻህን?»

ግርማ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ነጠላዋን አዘቀዘቀችና የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች፤ «ኃይሉ! ኃይሉዬ!» ጎረቤት በየበሩ ሲወጣ፣ የፈትል ክፍል ሴቶች ሻሻቸውን ሳያስሩ ሲሮጡ፣ ግርማን አንገቱን አቅፋ አልጋው ላይ፣ ያ ማንም ያልተኛበት አንሶላ ላይ፣ አስቀመጠችው። አንዱን እያለቀሰች ሌላውን ትስማለች።

እኔ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሚገባኝ ቦታ ያለ አልመሰለኝም። እግሬ ደፉ ላይ ሲደርስ ጠራችኝ።

«አንተ ደግሞ የት ትሄዳለህ?»

ቆምኩ።

«ተቀመጥ። የምትለው ካለቀ አብረኸን አልቅስ።»

ከግርማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ኃይሉን በሕይወቴ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን እንደ ወንድሜ አለቀስኩት።